የሌሉ ሰዎች የጠገኑት ድልድይ

የአገሪቱን ስም አትጠይቁኝ። ስሟን ብጠራ «እኛን ለመንካት ነው» ብሎ የሚቆጣ አይጠፋም፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ፍርድ ቤት መመላለሱን አልችለውም። ወንዝ ያላት አገር ናት በሉና ተከተሉኝ። ወንዙ ለሁለት ይከፍላታል። ወዲህ እኛ ግንበኞቹ፣ ገበያውና ቤተ መንግሥቱ አለን፤ ወዲያ ማዶ እርሻው፣ የምንጠጣው ምንጭና የአባቶቻችን መቃብር አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ድልድይ ብቻ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከድልድዩ ልነሣ።

ድልድዩን የሠራው ሊቀ ግንበኛ አንለይ ነው። ብረት አልገባበትም፣ ምሰሶ የለውም። ዘጠና ሰባት ጥርብ ድንጋዮች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው፣ እንደ ቀስት ጎብጠው፣ ቅስት ሠርተው፣ ከዳር እስከ ዳር ይሻገራሉ። ኖራውን ያቦካው የእኔ አያት ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ አጥንቱ ይወቅሰኛል፤ የኖራ አቡኪ ስም በየትኛውም መዝገብ ተጽፎ አያውቅምና። ሰው ድልድይ ሲያይ ድንጋዩን ያደንቃል እንጂ ድንጋይን ከድንጋይ ያስታረቀውን ማን ይጠይቃል? እኔም ኖራ አቡኪ ነኝ፣ ደርበው እባላለሁ፣ ኩራቴንም አልደብቅም።

የእኛ ግንበኞች አንድ ልማድ አለን። የሌላ አገር ግንበኛ ምልክቱን በአንድ ድንጋይ ላይ ቀርጾ ይጨርሳል። እኛ ግን መስመሩን በአንዱ ድንጋይ ላይ ጀምረን በጎረቤቱ ላይ እንጨርሰዋለን፤ ከጎረቤቱ የተነሣውም በሚቀጥለው ላይ ያልቃል። ዘጠና ሰባቱን አንድ በአንድ ብትፈትሹ ሙሉ ምልክት የያዘ ድንጋይ አታገኙም። ሲገጠሙ ግን የመስመሩ ሐረግ ሳይበጠስ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። አባቶቻችን ይህን ያደረጉት አንድም ድንጋይ እንዳይኮራ ነው ይባላል። ኩራቱን ለእኛ ተውት።

ድልድዩ በሚሠራበት ዘመን ከምሥራቅ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ መነኩሴ አንለይ ቤት ከርሞ ነበር። ራሱን የተላጨ፣ ቢጫ ጨርቅ የተጎናጸፈ፣ ከአንዲት የምግብ ሳሕን በቀር ንብረት የሌለው ሰው ነው። አንድ ቀን ጣቱን በሐረጉ ላይ እያስኬደ፣ «በእኛ አገር ይህን ባዶነት እንለዋለን» አለው።

«ምኑ ነው ባዶው? ድንጋይ እኮ ነው» አለ አንለይ።

«ድንጋዩ ለብቻው ድልድይ ከመሆን ባዶ ነው። እስቲ ድልድዩን ከአንዱ ውስጥ አውጥተህ አሳየኝ።»

አንለይ ራሱን አከከና ሳቀ። መነኩሴውም አብሮት ሳቀና እንዲህ አለው፦ «ይህን ነገር ለሰው ስትነግር ተጠንቀቅ። አንዳንዱ ምንም የለም ያልከው መስሎት ይደነግጣል። እርሱን አትፍራው፣ ቀስ ብለህ ታስረዳዋለህ። አንዳንዱ ግን ምንም የለም ያልከው መስሎት ደስ ይለዋል። ደስ ከሚለው ሰው ራቅ።»

አንለይ ይህን ምክር ሰምቷል። መከራው የመጣው ግን በሌላ በር ነው።

በዚያች አገር ቤተ መንግሥት የቆየ ሥርዓት ነበር። ሰው በንጉሥ ፊት ሲናገር ጸሐፊው ይጽፋል፤ ንጉሡ ራሳቸውን ከነቀነቁ ነገሩ ገብቷቸዋል ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ የተነገረ አይጻፍም። ንጉሥ ከተረዱ በኋላ መጻፍ ንጉሥን መናቅ ነው ይሉ ነበር። ድልድዩ ሲመረቅ ንጉሡ፣ «ከእነዚህ ሁሉ ድንጋዮች ድልድዩ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ። አንለይም፣ «ንጉሥ ሆይ፣ ድልድዩ ባዶ ነው» ብሎ ጀመረ። ንጉሡ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገብቷቸው ነው የሚሉ አሉ፤ አያቴ ግን በቅርብ ነበረና እንቅልፍ ነው ብሎ ምሎልናል። አንለይ ንግግሩን እስከ መጨረሻው ተናገረ፤ ጸሐፊው ግን ብዕሩን ጠርጎ ነበር። «ድልድዩ ባዶ ነው» የሚለው ብቻ በወርቅ ቀለም ተጽፎ ቀረ። የተቀረው በእኛ በግንበኞቹ አፍ ውስጥ፣ ድንጋይ ስንጎትት በምናዜመው እንጉርጉሮ ውስጥ ተረፈ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሦስት ቃል ይዘው ሦስት መቶ ሹም ሾሙ። ሊቀ ባዶ የሚባል አለቃ ተሰየመ፣ ከበታቹ የባዶ አጋፋሪ፣ የምንም አዛዥ፣ የየለም ጠባቂ። ሰላምታው እንኳ ተቀየረ። ሹም ከሹም ሲገናኝ፣ «እንዴት አደሩ?» ሲለው ሌላው፣ «ማን አድሮ!» ብሎ ይመልሳል። ይህን በደንብ አጣፍጦ የሚመልስ በዓመቱ ይሾማል።

አቤቱታ የሚሰማበትን ሥርዓትም ልንገራችሁ። አንዲት ሴት መጥታ፣ «ጌታዬ፣ ወፍጮው ከቆመ ወር አለፈው፣ ልጆቼ ተራቡ» ብትል፣ ሊቀ ባዶው ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ወፍጮው ባዶ ነው። ረኃቡ ባዶ ነው። አንቺም ባዶ ነሽ፣ እኔም ባዶ ነኝ። ታዲያ ማን ማንን ይክሰስ?» ይላታል። ከዚያ ይነሣና ምሳውን ለመብላት ይሄዳል፤ ምሳው ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንድ ጊዜ የእርሱ በቅሎ ጠፍታ ነበር። ያን ዕለት ማንም ባዶ ነው አላለም። አገሩ ሁሉ ጫካ ለጫካ ሲባክን ዋለ፤ በቅሎዋም አለች ተብላ፣ ከነቀለሟ ከነኮርቻዋ በአዋጅ ተነገረላት።

ደግሞ ሳጥኑ አለ። ምንም የለም ያሉት ሰዎች ያንን ምንም ነገር ዕቃ አደረጉትና በሳጥን ቆለፉበት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሲል፣ የባዶ በዓል ይከበራል። ሳጥኑ በሐር ተሸፍኖ፣ ጥላ ተዘርግቶለት፣ አራት ሰዎች ተሸክመውት በድልድዩ ላይ አልፎ እስከ ምንጩ ይሄዳል። ሸካሚዎቹ ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። ሕዝቡም፣ «ባዶው እንዴት ይከብዳል!» እያለ ይሰግዳል። እኛ ግንበኞች ክብደት የምናውቅ ሰዎች ነን፤ የሸካሚዎቹን ጉልበት አይተን ውስጡ ምን እንዳለ እንጠረጥር ነበር። ዝም አልን። ዝም ማለታችን ዛሬም ያሳፍረኛል።

አሁን ወደ ማንያህሎሽ ልምጣ። የአንለይ የልጅ ልጅ ናት። ባሏን ቀብራለች፣ ሁለት ልጆቿን ማዶ ድራለች፤ መዶሻዋ ከእጇ ተለይቶ አያውቅም። ድንጋይ በጣቷ ቆርቁራ በድምፁ ብቻ ስንጥቅ እንዳለው ትነግራችኋለች። ስሟን ያወጣላት አንለይ ነው፤ «ማን ያህልሻል» ያላት በከንቱ አልነበረም።

በዚያ ዓመት በጋ ማንያህሎሽ ከድልድዩ ሥር ወርዳ ስትመለከት ቆየችና ወደ እኔ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ደርበው፣ ከላይ በግራ ትከሻው በኩል አንድ ድንጋይ የለም። ማን እንዳነሣው እንጃ፣ ቆይቷል። ቀዳዳውን በጭቃ ደፍነውታል። ዝናሙ በዚያ እየገባ ኖራውን አጥቦ ጨርሶታል።»

«ቅስቱስ?»

«ሦስት ጣት ዝቅ ብሏል። የሚመጣውን ክረምት አይሻገርም።»

ሁለታችንም ወደ ማዶ አየን። የእርሷ ልጆችና የልጅ ልጆች ማዶ ናቸው። የእኔም እርሻ ማዶ ነው። ድልድዩ በክረምት ቢወድቅ፣ የሚሻገር ሰው ይዞ መውደቁ ብቻ አይደለም፤ አገር ለሁለት ይቀራል፣ ያን ወንዝ በክረምት በዋና ያለፈ ሰው የለምና። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው፤ ወንዙ ያን ዕለት ቀጭን ሆኖ፣ ከልጅ ጋር የሚጫወት ይመስል ነበር።

ማንያህሎሽ ወደ ሊቀ ባዶው ሄደች። አምባዬ ይባላል፤ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የዘመኑ ንጉሥ ስላረጁ ራስ የመነቅነቅን ሥልጣን ለእርሱ ሰጥተውታል። ከጎኑ ጸሐፊው ልሳኑ ብዕሩን ይዞ ቆሟል። እኔ ከበሩ ላይ ነበርኩ።

«አለቃ፣ ድልድዩ ሊወድቅ ነው። እንድንጠግነው ይፍቀዱልን» አለች።

«የቱ ድልድይ?»

«አያቴ የሠራው።»

«አያትሽ ራሱ ባዶ ነው ብሎ የለ? በወርቅ ተጽፏል እኮ። ባዶ ነገር እንዴት ይወድቃል?»

«አለቃ፣ የአያቴ ንግግር ሳያልቅ ነው መጻፉ የቆመው። እንዲህ ነው ያለው...»

አምባዬ ራሱን ነቀነቀ። ልሳኑ ብዕሩን ጠረገ። አልቋል።

ማንያህሎሽ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። «ይነቅንቁ! ድልድዩ ተሰንጥቋል፣ የምሄደውም ልጠግነው ነው!» አለችና ወጣች።

በማግስቱ አዋጅ ወጣ። ድልድይ አለ ብሎ የተናገረ፣ ተሰንጥቋል ብሎ ያወራ፣ የባዶን ሕግ ጥሷል። ቅጣቱ እስራት አይደለም፤ ጅራፍም አይደለም። «ማንያህሎሽ ከዛሬ ጀምሮ የለችም» ተባለ። ሕጉን ያረቀቀው የየለም ጠባቂ ትጉህ ሰው ነበርና ምንም እንዳያመልጠው ብሎ ይህን ጨመረበት፦ «የሌለችውን ሰው አየሁ ያለ፣ ሰላም ያላት፣ የመለሰላት፣ ያዘዛትም ሆነ የከለከላት ሁሉ፣ አለች ብሎ መስክሯልና እርሱም የለም።»

ይህ ቅጣት ቀላል የሚመስለው ካለ ሦስት ቀን ይሞክረው። ማንያህሎሽ ገበያ ወጣች፤ ጨው የሚሸጥላት አጣች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ዋለች፤ ያሳደገቻቸው የጎረቤት ልጆች ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው አለፏት። እኔም አልፌአታለሁ። ይኸውላችሁ፣ ተናገርኩት። ሁለት ጊዜ በፊቷ አልፌ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጫማዬን የሚያይ ሰው መሰልኩ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ የመዶሻ ድምፅ ሰማን። ሮጠን ብንወጣ ማንያህሎሽ ከድልድዩ ሥር፣ ጉልበቷ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆማ፣ ለቅስቱ መደገፊያ የሚሆን ግንድ ትተክላለች። የዘብ አለቃው ጦሩን ይዞ እየሮጠ መጣና ከወንዙ ዳር ቀጥ ብሎ ቆመ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ሕጉ ትዝ አለውና ዘጋው። «ተይ» ቢላት ከለከላት ማለት ነው፤ ከከለከላት አለች ብሎ መሰከረ ማለት ነው። ሰማዩን እያየ፣ «ደመናው ዛሬ ቀለል ብሏል» አለና ተመለሰ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በዚያች አገር ያለ ሰው ሁሉ ስንት ነገር ተከልክሎ ሲኖር፣ የማትከለከል አንዲት ሰው ማንያህሎሽ ብቻ ሆናለች።

ነገር ግን ድልድይ በአንድ ሰው አይጠገንም። ግንዱን አቅፋ ለማቆም ስትታገል፣ ሲወድቅባት፣ እንደገና ስታነሣው አየሁ።  ዘቡ፣ የምንም አዛዡና ግማሽ ገበያ እያዩ፣ እንደ አባቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተጣራሁ፦

«ማንያህሎሽ! እንዴት አደርሽ?»

ቀና አለች።  ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን ደርበው፤ አንተስ እንዴት አደርክ?» አለችኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያን ያህል ዘመን «ማን አድሮ!» ሲባል በሰማሁበት አገር አደርኩ ለማለት በቃሁ። የምንም አዛዡ ወዲያው፣ «ደርበው የለም!» ብሎ ጮኸ። እኔም ልብሴን ወደ ላይ ሰብስቤ ውሃው ውስጥ ገባሁ።

ከእኔ በኋላ ድንጋይ ጠራቢዋ ፈንታነሽ፣ «እትዬ ማንያህሎሽ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ገባች። ከእርሷ በኋላ አናጢው፣ ከአናጢው በኋላ ሚስቱና አማቱ። እስከ ምሳ ሰዓት ሃያ ሦስት ሰዎች ጠፋን። በሳምንቱ የግንበኞች ሰፈር በሙሉ አልነበረም። ከማዶ ያሉትም በየተራ እየመጡ እንዴት አደራችሁ እያሉ ጠፉ። የየለም ጠባቂ ስማችንን ከመዝገቡ ሲሰርዝ ቀለም አለቀበት፤ ጨው ነጋዴዎቹ ራሳቸው ስለጠፉ ጨውም እንደልብ ተገኘ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት።

እንዴት እንደሠራን ብነግራችሁ መሽቶ ይነጋል፤ አሳጥራለሁ። ቅስቱን ከሥር በግንድ ደግፈን፣ የላላውን ድንጋይ እያወጣን፣ አሮጌውን ኖራ ፈቅፍቀን መለስነው። ኖራውን እኔ አቦካሁት፤ በእግሬ ረግጬ፣ ዐርባ ቀን ሳይደርቅ አቆይቼ። ማንያህሎሽ ጣቷን ነክራ ምላሷ ላይ አድርጋ፣ «የአያትህ ነው» አለችኝ። ከዚህ የሚበልጥ ሹመት አልፈልግም።

የቀረው በግራ ትከሻው ላይ ያለው የጎደለ ድንጋይ ብቻ ነበር። ማንያህሎሽ ምትኩን ጠርባ አዘጋጅታ ነበር፤ ግን እጇ እንቢ አላት። በቀዳዳው ግራና ቀኝ ባሉት ድንጋዮች ላይ የአንለይ ሐረግ ተበጥሶ ቆሟል፤ «የተጀመረውን አላውቅ፣ እንዴት እጨርሰዋለሁ?» እያለች ከቀን ወደ ቀን ታቆየዋለች።

የባዶ በዓል ደረሰ። አምባዬ በበቅሎው፣ ልሳኑ በእግሩ፣ ሳጥኑ በአራት ሰው ትከሻ፣ ሕዝቡ ከኋላ እየዘመረ ወደ ድልድዩ መጡ። ድልድዩ አፍ ላይ ገመድ አስረን ከኋላው ቆመናል፤ መቶ ዐሥራ ሁለት የሌሉ ሰዎች። ሰልፉ ቆመ። አምባዬ አላየሁም እንዳይል ገመዱ የበቅሎዋን ደረት ነካ።

ከአራቱ ሸካሚዎች አንዱ ሽባባው ይባላል፤ የሰፈራችን ልጅ ነበር፣ ሳጥኑን ተሸክሞ ነው ያረጀው። ቀዳዳውን አየ። በግራና በቀኝ የተበጠሰውን ሐረግ አየ። ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ሳጥኑ መሬት ሲነካ ድው አለ።

«እትዬ ማንያህሎሽ፣ እንዴት ዋሉ?» አለ።

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሽባባው። አንተስ?»

«ትከሻዬ አልቋል» አለ ሽባባው። «እትዬ፣ ይህ ሐረግ ሳጥኑ ውስጥ አለ። የዛሬ ዐሥር ዓመት ዝናም ገብቶበት ሲከፈት አይቼዋለሁ። የድሮው አለቃ፣ ባዶው ከቀለለ ሕዝቡ ይንቀዋል ብሎ ከድልድዩ አስነቅሎ ያስገባው ነው አሉ።»

«እንዳትከፍቱ! ውስጡ ያለው ባዶነት ነው!» አለ አምባዬ።

«ባዶነት ከሆነ አይጎድልብዎትም» አለች ማንያህሎሽ፤ ቁልፉን በመዶሻዋ አንድ ጊዜ መታችው።

ድንጋዩ እዚያ ነበር፤ ሐር ለብሶ፣ ሽቱ ተቀብቶ። ወስደን ከቀዳዳው ስናስገባው ሐረጉ ከግራ ገብቶ በቀኝ ወጣ። ስንት ዓመት ሲሰገድለት የኖረው ድንጋይ ከጎረቤቶቹ መካከል ሲቀመጥ የትኛው እንደሆነ ወዲያው ጠፋብን። ሽባባው አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ግንበኛ ሲያለቅስ ያላየ ያን ቀን አየ።

አሁን የቀረው ድጋፉን ማንሣት ነው። ልማዳችን እንዲህ ነው፦ ከቅስቱ ሥር ያለው ግንድ ሲነቀል ዋናው ግንበኛ ከሥሩ ይቆማል። ሥራው ቢከዳ በራሱ ላይ ነው የሚወድቀው። ማንያህሎሽ ወረደች፤ ከውሃው መካከል ካለው ደረቅ ድንጋይ ላይ ቆማ ወደ ላይ ተጣራች፦

«አለቃ! ከእኔ ጋር ይቁሙ።»

«እኔ? ለምን?»

«ድልድይ የለም ብለዋል። ከሌለ ድልድይ ሥር መቆም ምን ያስፈራል?»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እርሱ ዞረ። አጋፋሪዎቹ ዞሩ። በቅሎዋ እንኳ ጆሮዋን አቆመች። አምባዬ ከበቅሎው ወረደ፤ ሌላ ምን ያድርግ? ልሳኑም ሕጉ አለቃውን እንዲከተል ያስገድደዋልና መዝገቡን አቅፎ ተከተለው። ሦስቱ ከቅስቱ ሥር ቆሙ።

የመጀመሪያውን ግንድ እኔ መታሁት። ወደቀ። ከላይ የአሸዋ ቅንጣት ረገፈች። የአምባዬ አንገት ድርቅ አለ። ሁለተኛው ግንድ ወደቀ። ማንያህሎሽ ያን ጊዜ የአያቷን ንግግር ጀመረች፤ በቀስታ፣ እንደሚያዜሙት አድርጋ፦

«ድልድዩ ባዶ ነው። ከዘጠና ሰባቱ በአንዱም ውስጥ ድልድይ አይገኝም...»

ልሳኑ ጻፈ። የአለቃውን ራስ አየ። አልነቀነቀም። በፍርሃት የደረቀ አንገት አይነቀንቅማ!

«...ለብቻው ቆሞ ድልድይ ነኝ የሚል ድንጋይ የለም። አንዱ አንዱን ስለተሸከመ ሰው ይሻገራል። ባዶ ነው ማለት የለም ማለት አይደለም፤ ለብቻው የለም ማለት ነው። ለብቻው የቆመ ቢሆን ኖሮ ባልተሠራ፣ ባልተጠገነም ነበር...»

ሦስተኛው ግንድ ወደቀ። ልሳኑ ይጽፋል።

«...ባዶነቱንም ለይታችሁ አውጥታችሁ በእጃችሁ ልትይዙት አትችሉም፤ እርሱም እንደ ድንጋዮቹ ነው። ባዶ ስለሆነ ይፈርሳል። ስለዚህ ጠብቁት።»

የመጨረሻውን ግንድ መታሁ። ቅስቱ አንድ ጊዜ፣ እንደሚተኛ ሰው፣ እፎይ የሚል ድምፅ አሰማና ረጋ። ውሃው በሥሩ መፍሰሱን ቀጠለ። ከላይ ሽባባው ሮጦ ድልድዩ መካከል ላይ ዘለለ፤ ከዚያ መቶ ዐሥራ ሁለታችን፣ ከዚያ በዓል ሊያከብር የመጣው ሕዝብ ሁሉ። እልልታው ማዶ ተሰማ።

አምባዬ ከሥር ሲወጣ ሰው መስሎ ነበር፤ ፈርቶ ስለነበር ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንያህሎሽን ዓይን ዓይኗን አያት።

«ትእዛዙን አነሣለሁ» አለ። «ልሳኑ፣ ማንያህሎሽ አለች ብለህ ጻፍ።»

«የለም» አለች እርሷ። «ለብቻዬ ኖሬ አላውቅም። የምትጽፉኝ ከሆነ ከእነዚህ ጋር ጻፉኝ።»

ልሳኑ አለቃውን አየ። አንገቱ እንደደረቀ ነው፤ ሐኪሞች ሳምንት አሹለት። ካልነቀነቀ ደግሞ ጸሐፊ ብዕሩን አያስቀምጥም። ስለዚህ ልሳኑ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጽፍ ጀመር። ማን ግንዱን ተከለ? ማን ውሃ ቀዳ? ማን ለሠራተኛው ሽሮ አመጣ? ጠየቀ፣ እኛም ነገርነው። ስለ ሞቱትም ጠየቀ፣ የሞቱትንም ነገርነው። ከዚያ ቀና ብሎ፣ በዚያች አገር ማንም ጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ፦

«ኖራውን ማን አቦካው?»

ሳጥኑ ዛሬም በበዓሉ ይወጣል፤ አሁን እውነት ባዶ ስለሆነ አንድ ሰው በአንድ እጁ አንጠልጥሎት እየሳቀ ያልፋል። «ማን አድሮ!» የሚሉ ሹማምንትም አልጠፉም፤ አይጠፉምም። መዝገቡ ግን አለ። የአያቴ ስም ከአንለይ ቀጥሎ ነው። ከእኔ ስም ፊት ሽባባው፣ ከኋላ ፈንታነሽ አሉ፤ መካከላቸው «ደርበው፣ ኖራ አቡኪ» ይላል። ልታዩት ብትመጡ የሚከለክላችሁ የለም። ስትሄዱ ድልድዩን ትሻገራላችሁና አትፍሩት፤ ረገጥ አድርጋችሁ እለፉ፣ ይሸከማችኋል።